ሁለት አፕ፣ ሁለት ቁጥር፦ ክብደቴ ባለበት እንዲቆይ በቀን ስንት ካሎሪ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 162 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። ደብረ ማርቆስ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ተቀምጬ እውላለሁ። በሳምንት አራት ቀን ያህል ወደ ቤት የምመለሰው በእግሬ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዓምና 76 ኪሎ ነበርኩ፤ በብዙ ልፋት ቀነስኩ። አሁን መጨመርም መቀነስም አልፈልግም፤ ባለበት ይቆይልኝ። አንዱ አፕ በቀን 1,620 ካሎሪ ይበቃሻል አለኝ፤ ሌላው 2,095። የትኛውን ልመን? ደግሞ እኛ ቤት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ እንዴት አድርጌ ልቁጠር? ጾሙስ እንዴት ይሆናል? እናቴ ቢቸና ገጠር ናት፤ 58 ዓመቷ ነው፤ ከእኔ የማያንስ እንጀራ ትበላለች፤ ክብደቷ ግን 50 ኪሎ ብቻ ነው። ይህስ ከምን የመጣ ነው?»

ምላሽ፦

ሁለቱ አፖች ስለ ሰውነትዎ የተለያየ ሐሳብ የላቸውም። የሰጡዎትን ቁጥር ወደ ኋላ ፈትቼ አየሁት፤ የተነሡት ከአንድ ቦታ ነው። የተለያዩት «ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?» በምትለዋ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ለአንዱ «ተቀምጬ ነው የምውለው» የሚለውን መርጠዋል፤ ለሌላው «በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን እንቅስቃሴ አደርጋለሁ» የሚለውን ሳይነኩ አልቀሩም። አንድ እንጀራ ሊሞላ ጥቂት የቀረው የ475 ካሎሪ ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አብዛኛው አፕ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1990 እነ ሚፍሊንና ሴንት ጆር ያወጡትን ቀመር ነው። ለሴት፣ ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም 161 ይቀነሳል። ለወንድ 161 መቀነሱ ቀርቶ 5 ይደመራል። የእርስዎ 680 እና 1,012 ተደምረው፣ 180 እና 161 ሲቀነሱ ወደ 1,351 ይመጣል። ይህ ጋደም ብለው፣ ሆድዎ ባዶ ሆኖ፣ ልብዎ፣ ሳንባዎ፣ ጉበትዎ፣ ኩላሊትዎና አንጎልዎ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ብቻ በቀን የሚወጣው ጉልበት ነው። በ1.2 ሲያባዙት 1,620 ይሆናል፤ በ1.55 ሲያባዙት 2,095። የአፖቹ ምስጢር ይኸው ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው አፕ ይሻላል ሳይሆን፣ የእርስዎ ውሎ በስንት ይባዛል የሚለው ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በጋራ ያሳተሙት ሰነድ አለ። እዚያ ላይ ተቀምጦ የሚውል ወይም ቀላል ሥራ የሚሠራ ሰው ማባዣው ከ1.40 እስከ 1.69 ነው፤ መካከለኛው ከ1.70 እስከ 1.99፤ ከባድ የጉልበት ሥራ የሚሠራው ከ2.00 እስከ 2.40። 1.2 ከነጭራሹ የለበትም። እኔም ለጤነኛ ሰው 1.2ን አልጠቀምም፤ አልጋ ላይ ለዋለ ታማሚ የሚቀርብ ቁጥር ነው። እርስዎ ከባንኩ ወንበር ሲነሡ የቤቱ ሥራ ይጠብቅዎታል፦ ማብሰሉ፣ ቡናው፣ ልጆቹ፣ ቅዳሜ ደግሞ ምጣዱ። በእኔ ግምት ከ1.4 እስከ 1.55 መካከል ነዎት። ይህም ከ1,890 እስከ 2,095 ይሰጣል። መነሻችን 2,000 ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁለተኛው አፕ ወደ እውነቱ የተጠጋው በእግር ጉዞዎ ምክንያት አይደለም። 68 ኪሎ የሆነ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር በሜዳ ሲራመድ፣ ተቀምጦ ቢቆይ ከሚያወጣው በላይ የሚጨምረው ከ100 ካሎሪ ብዙም አይርቅም። በሳምንት አራት ጊዜ ከሆነ ለሰባቱ ቀን ሲካፈል በቀን 60 ያህል ነው፤ የማርቆስ ዳገት ጥቂት ቢጨምርበትም ያው ነው። ጉዞው ለልብ፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም ብዙ ስለሆነ አይተዉት። ነገር ግን «ዛሬ በእግሬ መጥቻለሁ» ብለው ሁለት ዳቦ አይጨምሩበት። እንቅስቃሴ የሚቆጥረው የእጅ ሰዓትም ቢሆን «400 ካሎሪ አቃጠልሽ» ሲል አይመኑት። ማባዣው ውስጥ እንቅስቃሴዎ አስቀድሞ ተቆጥሯል፤ ሰዓቱን መደመር አንዱን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

ብርዱስ ለሚሉኝ (ከማርቆስ ሰው ይህ ጥያቄ አይጠፋም)፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ብንኖርም፣ ጋቢ ለብሶ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚጨምረው ይህን ያህል የሚቆጠር አይደለም። ጉልበት የሚፈጀው መንቀጥቀጥ ነው።

እናትዎን እንያቸው። ቁመታቸውን ስላልነገሩኝ 156 ሴንቲ ሜትር ብዬ ልውሰድ። በዚያው ቀመር የዕረፍት ፍጆታቸው ወደ 1,024 ይሆናል፤ ከእርስዎ በ330 ገደማ ያነሰ። ቢቸና ገጠር ውሃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚያመጡ፣ አረም የሚያርሙ፣ ገበያ በእግር ሄደው የሚመለሱ ከሆነ ግን ማባዣቸው 1.9 ቢባል አልተጋነነም። ወደ 1,950 ማለት ነው። ከእርስዎ 18 ኪሎ ያንሳሉ፤ 22 ዓመት ይበልጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ከእርስዎ ጋር እኩል ለእኩል ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም እኩል እንጀራ ብትበሉ አንዳችሁም ላይ ነገር የለም። ልዩነት ካለ የሚገኘው እንጀራው ላይ ሳይሆን ወጡ ላይ ነው፤ ወደ ዘይቱ ስንደርስ አሳይዎታለሁ።

እንቅስቃሴ ሲጨምር ፍጆታም በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ መደምደምም አይቻልም። በታንዛንያ አድነውና ለቅመው በሚኖሩት በሐድዛ ሕዝብ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ በቀን የሚያወጡት ጉልበት ከምዕራባውያን የከተማ ነዋሪዎች ብዙ እንደማይለይ አግኝቷል። ሰውነት በአንድ በኩል ሲያወጣ በሌላ በኩል የሚቆጥብ ይመስላል። የማባዣው ሠንጠረዥ ግምት ነው የምለው አንድም ለዚህ ነው።

«36 ሲሞላ ሜታቦሊዝም (ሰውነት ጉልበት የሚያወጣበት ሂደት) ይወድቃል» የሚባለውንም በዚሁ ልዝጋው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ6,000 በላይ ሰዎችን አካትቶ የወጣ ጥናት፣ የሰውነት መጠን ሲስተካከል ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ፍጆታው ባለበት እንደሚቆይ አሳይቷል። በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ውሎውና ገበታው ነው።

እንግዲህ 2,000 መነሻ ነው ብያለሁ። መድረሻ አይደለም። ቀመሩ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በ498 ጤነኛ ሰዎች ላይ ነው፤ በእነሱም ላይ ቢሆን አንድን ሰው ነጥሎ ሲገምት አሥር በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስት የተለመደ ነው። ለእርስዎ አሥር በመቶ 200 ካሎሪ ነው። በየቀኑ 200 ቢተርፍ በወረቀት ስሌት በአንድ ወር ወደ 800 ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ ቀመሩን ብቻ ይዞ መቀመጥ አያዋጣም። በምርምር ቤት ሲሆን ሰውየው ምልክት የተደረገበት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያለበት ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሽንቱ እየተመረመረ ሁለቱ ከሰውነቱ በምን ፍጥነት እንደወጡ ይለካል፤ ከልዩነታቸው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከዚያም ያወጣው ጉልበት ይሰላል። እኛ ይህ የለንም። ያለን የሰው ሚዛን፣ ዱቄትና የዘይት ጀሪካን ነው። በትዕግሥት ከተያዙ ይበቃሉ።

አሁን ወደ ትሪው። አፖቹ የተሠሩት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ላለው ቤት ነው። እናንተ ቤት ሽሮው መካከል ላይ ይፈስሳል፤ አራት እጅ ይዘረጋል፤ ትንሹ ልጅ ጫፍ ጫፉን ይለቅማል፤ ባለቤትዎ ያጎርሱዎታል። ይህን በሳህን ልቁጠር ማለት ትርፉ ድካም ነው፤ የገበታውንም ደስታ ያጠፋል። እኔ የምመክረው ከገበታው በፊት እንዲቆጥሩ ነው፦ ቡሃቃው ላይና ድስቱ ላይ።

እንጀራውን እንዲህ ያድርጉት። የሚያቦኩትን ዱቄት አንድ ጊዜ ይመዝኑ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 360 ካሎሪ አለው፤ አንድ ኪሎ 3,600 ማለት ነው። ውሃው ካሎሪ የለውም፤ ሊጡ ሲቦካ የሚጠፋውም ጥቂት ነው። 5 ኪሎ አቡክተው 34 እንጀራ ከወጣልዎ 18,000ን ለ34 ያካፍሉ፤ አንዱ እንጀራ 530 ገደማ ሆነ። ስስ አድርገው 40 ካወጡ 450 ይሆናል። በዚህ መንገድ የራስዎን ቤት እንጀራ ዋጋ ያውቃሉ፤ ከአፑ «አንድ እንጀራ» ጋር መከራከር ቀረ። አፑ የማንን ምጣድ እንደለካ ማን ያውቃል? ለገዙት እንጀራ ሚዛን ላይ አውጥተው በ100 ግራም 150 ይያዙለት።

ጤፉ ነጭ ይሁን ቀይ፣ በቆሎ ወይም ሩዝ ይደባለቅበት፣ ለዚህ ስሌት ለውጥ የለውም። የእህል ዱቄት ሁሉ በ100 ግራም ከ340 እስከ 370 ባለው ውስጥ ነው። ቀይ ጤፍ ያቀጥናል የሚሉ አሉ፤ በካሎሪ በኩል መሠረት የለውም። በቡሬና በወንበርማ በኩል በቆሎ ስለሚበዛበት እንጀራ «ይህማ ያወፍራል» ሲባልም እሰማለሁ። እሱም እንደዚሁ ነው።

ወጡ ላይ የሚከብደው ድርሻን ማወቁ ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ፦ ወጥ የሚበላው በእንጀራ ስለሆነ፣ የወጥ ድርሻዎ ከእንጀራ ድርሻዎ ብዙ አይርቅም። በዚያ ምሳ አራት እንጀራ ካለቀና አንዱን የበሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ከድስቱ ሩቡን ወስደዋል ብለው ይያዙ። ልክ አይሆንም፤ አንዱ ወጥ ይወዳል፣ አንዱ እንጀራ ያበዛል። ከሳምንት ሳምንት ግን ይመጣጠናል። ጉርሻም ቤት ውስጥ የሰጡትና የተቀበሉት ይጣፋል፤ ሠርግ ቤት ከሆነ ግን ለጋስ ሆነው ይገምቱ።

ድስቱን ለመቁጠር የሚያስፈልገው ዱቄቱና ዘይቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን ብዙ ውሃ ናቸው፤ ሽንኩርት በ100 ግራም 40 ነው፣ ጎመንም ከዚያ አይበልጥም። የሽሮ ዱቄት በ100 ግራም 360 አካባቢ ነው፤ ያልበሰለ ምስርና ክክም እዚያው ናቸው። 200 ግራም ሽሮ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 300 ግራም ሽንኩርት ያለበት ድስት 720፣ 480 እና 120 ተደምረው 1,320 ይሆናል። ሩቡ 330። ከአንድ እንጀራ ጋር ምሳዎ 860 ሆነ። እዚያ ድስት ውስጥ ከሽሮው ዱቄት ቀጥሎ ትልቁ ዘይቱ መሆኑን ያዩታል፤ ብዙዎች ግን «ሽሮ ነው የበላሁት» ብለው ነው የሚመዘግቡት።

ስለ ዘይቱ ቆም ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። እህልና ጥራጥሬ በአብዛኛው ስታርችና ፕሮቲን ናቸው፤ እነዚህ በግራም 4 ካሎሪ ይሰጣሉ። ስብ በግራም 9 ይሰጣል፤ ዘይት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ነው። የኑግ ይሁን የሱፍ፣ ከውጭ የመጣ ይሁን የአገር ውስጥ፣ ለጤና ያላቸው ልዩነት ሌላ ጉዳይ ሆኖ በካሎሪ አንድ ናቸው። ንጥር ቅቤም በማንኪያ ከዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። ችግሩ ማንም ዘይት በማንኪያ አይለካም፤ ከጀሪካኑ ይንቆረቆራል። ስለዚህ ማንኪያውን ትተው ጀሪካኑን ይቁጠሩ። ባለ 5 ሊትሩ ወደ 41,000 ካሎሪ ይይዛል። የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጻፉ፤ ያለቀበትንም ያስተውሉ። ለአራት ሰው በአንድ ወር ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 340 ያህል ደረሰው ማለት ነው፤ ልጆቹ ከዚያ ያነሰ ስለሚደርሳቸው የእርስዎና የባለቤትዎ ከዚያም ይበልጣል። በሁለት ወር ካለቀ ግማሹ ነው። ጀሪካኑ ላይ ጉልበቱ በኪሎ ጁል ተጽፎ ካገኙት በ4.2 ያካፍሉት፤ በየዕለቱ «ካሎሪ» የምንለው ኪሎ ካሎሪውን ነው።

እናትዎ ወጥ ላይ ዘይቱን ጠብ ነው የሚያደርጉት ብዬ እገምታለሁ፤ ገጠር ዘይት ከሱቅ ተገዝቶ፣ ተቆጥቦ ነው የሚሠራበት። ያው አንድ እንጀራ በእሳቸው ትሪ ላይና በእርስዎ ትሪ ላይ የተለያየ ምሳ ነው።

ሌላው በፍጥነት፦ ዳቦ በ100 ግራም 250 ነው። የገብስ ቆሎ በ100 ግራም 380 ያህል ስለሆነ አንድ ጥሩ እፍኝ 150 ይይዛል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከ16 እስከ 20 ነው። ቅቅል ድንች በ100 ግራም 85 ብቻ ነው፤ ሆድ ይይዛል፣ ለእርስዎ ዓላማ ጥሩ ወዳጅ ነው፣ ዘይት ውስጥ ካልዋኘ። አልኮል ራሱ በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ጠላም አረቄም ሲመጣ ይህን አይርሱ፤ «የዳጉሳ ነው» ማለቱ ነፃ አያወጣውም።

አንድ ተራ ቀን ደምረን እንይ። ጠዋት 120 ግራም ዳቦና ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ 335። ምሳ ከላይ ያሰላነው 860። ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አንድ እፍኝ ቆሎና ሁለት ሲኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ 220። ማታ ሦስት ሩብ እንጀራ ከምስር ወጥ ጋር፣ 650። ድምሩ 2,065። እንደሚያዩት 2,000 የረሃብ ቁጥር አይደለም፤ የጥጋብም አይደለም። በ1,620 ለመኖር ቢሞክሩ ግን ከዚህ ቀን ላይ ቁርሱ ወይም የቡናው ቁርስ ሙሉ በሙሉ መነሣት ነበረበት፤ ከዚያም ገና ይጎድል ነበር። ክብደታቸውን ቀንሰው ወዲያው የሚመልሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የማይያዝ ቁጥር ነው የሚይዙት።

ቀጥሎ ሚዛኑ። በየማለዳው ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን። ዛሬ ቤት፣ ነገ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከተቀመጡት ልጆች ዘንድ ከነጫማና ከነጃኬት መመዘን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአንዱን ቀን ቁጥር አይዩት፤ የሰባቱን ቀን አማካይ ይያዙ። ጨው የበዛበት ራት፣ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ መቃረብ፣ እያንዳንዱ ሚዛኑን በኪሎ ሊያነቃንቀው ይችላል፤ ውሃ ነው። ስለ ወር አበባው ሲባልም ንጽጽሩ አራት ሳምንት ተራርቆ ይሁን፤ ወሩ ዞሮ በዚያው ቦታ ላይ ሲገኙ።

የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ 68.0፣ የአምስተኛው ሳምንት 68.5 ሆነ እንበል። በመካከሉ 28 ቀን አለ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ግማሽ ኪሎው 3,850 ነው፤ ለ28 ሲካፈል በቀን 137። በአማካይ 2,000 እየበሉ ከነበረ፣ ክብደትዎን የሚያቆመው ወደ 1,860 ነው። ቀንሰው ከነበረ ያው ስሌት ይደመራል። ለውጡ ከ200 ወይም ከ300 ግራም ካልበለጠ ምንም አይንኩ፤ ቁጥርዎን አግኝተዋል።

ይህ ዘዴ አንድ ደግ ባሕርይ አለው። ሰው የሚበላውን አሳንሶ እንደሚመዘግብ በዚያ ምልክት ባለበት ውሃ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ባለሙያም ቢሆን አይተርፍም። እርስዎም 2,000 ብለው የጻፉት በእውነት 2,200 ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁልጊዜ በዚያው ልክ የሚያሳንሱ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሚዛኑ የሚነግርዎ በራስዎ አቆጣጠር ስንት ሲጽፉ ክብደትዎ እንደሚቆም ነው፤ የሚመሩትም በዚያው አቆጣጠር ነው። የሚያበላሸው አንድ ሳምንት ዘይቱን ቆጥሮ ቀጣዩን መተው ነው። ስህተትዎ አንድ ዓይነት ይሁን።

ጾሙን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆዩ ሰውነትዎ ያን ቀን የሚፈልገው አይቀንስም፤ «ተዘጋ» የሚባለውም ሜታቦሊዝም በአንድ ቀን ጾም አይዘጋም። ስለዚህ በቀን ሳይሆን በሳምንት ያስቡ፦ 14,000። ረቡዕና ዓርብ 1,700 ገደማ ከሆነ ለቅዳሜና እሑድ 2,300 ይኖርዎታል። ሃይማኖቱም ሒሳቡም ሳይጋጩ ይሄዳሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ራሱን የቻለ ወቅት ነው። ሥጋና ወተት ስለወጣ ብቻ ካሎሪ ይቀንሳል ብለው ግን አይተማመኑ። በጾም ወቅት ዘይት የሚበዛበት ቤት አውቃለሁ፤ ጣዕሙን በቅቤ ፈንታ በዘይት ለመመለስ ሲባል። ጀሪካኑ ላይ የጻፉት ቀን ይፈርድላችኋል።

የፋሲካ ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢዘል አይደንግጡ። ሁለት ኪሎ ስብ ለመሆን ከሚያስፈልግዎ በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት ነበረብዎ፤ ዶሮውም ሆነ ዳቦው በጥቂት ቀን ያን ያህል አያደርስም። አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃ፣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ከስታርች ጋር የተከማቸ ውሃ፣ አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ እርስዎ ግን ደንግጠው ምግብ ካልዘለሉ።

ከ76 ወደ 68 የወረዱ መሆንዎ አንድ ነገር ይጨምራል። ክብደት የቀነሰ ሰውነት፣ ድሮም 68 ከነበረ ሰው ጥቂት ያነሰ ሊያወጣ ይችላል፤ ረሃቡም ይበረታል። ከ2,000 በላይ ሳይሆን ከ2,000 በታች ቁጥር ቢያገኙ አይግረምዎ፤ የፈቃድ ድክመት አይደለም።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም፤ ማጥባት ብቻ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቀን 500 ያህል ይፈልጋል። ምዝገባዎ ሳይለወጥ ክብደትዎ በየወሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ፣ በተለይ አንገትዎ ላይ እንቅርት ካለ፣ ልብዎ የሚመታበት ፍጥነት ከተለወጠ፣ ወይም ብርድ አልችል ካሉ፣ አፑን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ምርመራ ይጠይቁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ከሐኪምዎ ሳይነጋገሩ የምግብ መጠን አይለውጡ።

አጀማመሩን ልንገርዎ። አምስቱን ሳምንት ከሁዳዴ መግቢያም ከፋሲካም የራቀ፣ ሠርግ የማይበዛበት ጊዜ ላይ ያድርጉት። በእነዚያ ሳምንታት ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ መመዝገቡን ያቁሙ። ዕድሜ ልክ ምግብ እየቆጠሩ መኖር አያስፈልግም፤ ለአንዳንድ ሰው ይጎዳልም። ማለዳ መመዘኑን ብቻ ይቀጥሉ። የሳምንቱ አማካይ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከ69.5 ካለፈ ወይም ከ66.5 ከወረደ ተመልሰው አሥር ቀን ይቁጠሩ፤ ካለፈ መጀመሪያ የሚያዩት ዘይቱን፣ ቀጥሎ ቡና ላይ የሚቀርበውን ነው። እንጀራው የመጨረሻ ይሁን።